ተራራ ላይ የሚያዘው ማን ነው?

(ጎንደር ውስጥ የቤተሰብ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በትንሹ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የቤተሰብ ሥራ ጥቅሞች» የሚል ነበር። ጥቅሙን እናንተም ታውቁታላችሁ። የቢሮ ኪራይ የለም። የሠራተኛ ማስታወቂያ መለጠፍ የለም። ብር ቢጠፋ እንኳ ከቤት አይወጣም። እሱን ልዝለለውና ስለ ይሉኝታ ላውራ። የቤተሰብ ሥራ ሲፈርስ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ያፈረሰው ይሉኝታ ነው። ገበያ መጥፋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኛ እንግዳ ይዘን ሰሜን ተራሮች የምንወጣ ቤተሰብ ነን። አባቴ በበቅሎ ነው የጀመሩት። የፈረንጅ ጓዝ ጭነው ከደባርቅ ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ይመላለሱ ነበር። አሁን ታላቅ ወንድሜ፣ አያ የምንለው፣ ጎንደር ሆኖ ስልክ ያነሳል፤ እንግዳ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበላል፤ መኪና ያዘጋጃል። እናቴ ስንቁን ትይዛለች። ያክስቴ ልጅ ያበስላል። እኔ የመጨረሻዋ ልጅ ነኝ፤ ጋይድ ነኝ። አባቴ ዛሬም ጭነቱን በዓይናቸው ሳያዩ በቅሎ አይነሳም።

ቤታችን ውስጥ የሚያዘው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አባቴ ሲናገሩ ሁሉም ዝም ይላል። ከእሳቸው ቀጥሎ አያ አለ። እኔ ቡና አፈላለሁ። የፓርኩ በር ከታለፈ በኋላ ግን ይህ ተራ መገልበጥ አለበት። ለምን እንደሆነ ለመናገር መጀመሪያ ስለ ተራራው ትንሽ ማለት አለብኝ። ጎንደር ተወልዶ አድጎ ሰሜንን በፖስተር ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል። አትጨነቁ፣ እጅ አውጡ አልልም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ደባርቅ እንገባለን፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንመዘገባለን፣ እንከፍላለን፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ይመደብልናል። ሳንቃበር ካምፕ 3,250 ሜትር ላይ ነው። ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ናቸው። ከጨነቅ ተነስቶ ወደ ራስ ዳሽን የሚሄድ ሰው በቧሂት ተራራ በኩል 4,200 ሜትር ላይ ያለውን በር ያልፋል። ከዚያ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ መሸሃ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። ወርዶ ደግሞ እንደገና ወደ አምቢቆ ይወጣል። ራስ ዳሽን ራሱ 4,550 ሜትር ነው ይባላል፤ አንዳንድ ካርታ ላይ 4,533 የሚል ታገኛላችሁ። የቱም ይሁን፣ እዚያ ላይ ስትተነፍሱ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳር ቆሞ ከሚተነፍስ ሰው 60 በመቶውን እንኳ አይሞላም። ባሕር ዳር ስል የውቅያኖሱን ዳር ነው፤ ጣና ዳር ያለችውን ከተማ አይደለም።

የከፍታ ሕመም አመጣጡ ክፉ ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል። በራስ ምታት ይጀምራል። ምግብ ያስጠላል፤ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እንግዳው «ትናንት መኪናው አንገላቶኝ ነው» ይላል። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ሰውየው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለው፣ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን መውረድ። ሄሊኮፕተር አይመጣም። የሚመጣው በቅሎ ነው፤ መንገድ ካለበት ደግሞ መኪና። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ነገሩ ከከበደ ጎንደር ይመጣል።

በሙያው የታወቀ ደንብ አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በኋላ ዛሬ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያችሁ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ከሳንቃበር ግጭ 350 ሜትር ነው፤ ጥሩ። ከጎንደር በቀጥታ ጨነቅ ሄዶ ማደር ግን በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መዝለል ነው። መኪና መንገዱ ጨነቅ ድረስ ስለሚደርስ ይህን ማድረግ ደግሞ በጣም ቀላል ነው።

ከአያ ጋር የምንጣላው እዚህ ላይ ነው። አሁን አሁን ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድን ይዞ የሚመጣ የአበሻ እንግዳ በዝቷል። ደስ ይላል። ግን ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ጨነቅ አድሮ፣ ዋልያ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ እሑድ መመለስ። «እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ከፍታ ለምጃለሁ» ይላሉ። መልመዱስ ትንሽ ይረዳል። ጨነቅ ግን ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አያ ነጋዴ ነው፤ እንግዳ የጠየቀውን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ቀን ጨነቅ ድረስ በመኪና ሄዶ ማየት ይቻላል፣ ለማደር ግን ወደ ሳንቃበር ይመለሳሉ። ማየቱ አይደለም ችግሩ፤ ማደሩ ነው። ይህን ስንነግራቸው ሌላ ድርጅት የሚሄድ አለ። ይሂድ።

ከአያ ጋር የነበረው ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ከአባቴ ጋር የሆነው ነው።

አንድ ጊዜ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ እኔን ክርስትና ያነሱኝ ሰው፣ ቧሂትን ካልረገጥኩ አልሞትም ብለው መጡ። በሕግ ነበር የወጣነው፤ ሳንቃበር አደርን፣ ግጭ አደርን፣ ጨነቅ ገባን። ጠዋት ላይ ሻይ ስሰጣቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ውርጭ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም ልል እችላለሁ፤ ግን ጫማቸውን ሲያስሩ ማሰሪያው ጠፋባቸው። ዓይናቸው እያየው ጣታቸው አላገኘውም። «ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ሣር ላይ ተረከዝዎን ከጣትዎ እያገናኙ ቀጥ ብለው ይራመዱልኝ» አልኳቸው። የሰከረ ሰው እንደሚፈተነው ማለት ነው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ሄዱ።

አባቴ ከበቅሎው ጎን ሆነው ያዩ ነበር። «አይዞህ፣ ብርዱ ነው፤ ሲሞቅህ ይለቅሃል» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በሽማግሌ አትጫወቺ» አሉ። ስካውቱ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ባለበቅሎዎቹም ዝም አሉ። «አባባ፣ አይወጡም፤ አሁኑኑ ይወርዳሉ። መኪና እየጠራሁ ነው» አልኳቸው። አባቴ ምንም አልመለሱም። ዞረው የታሰረውን ጭነት መፍታት ጀመሩ። ሲፈቱ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ጭምር ነበር የሚፈቱት፤ የተናደዱ ጊዜ እንደዚያ ነው።

ክርስትና አባቴ ቁልቁል ከወረዱ በኋላ እየተሻላቸው ሄደ፤ ማታ ደባርቅ ላይ ሽሮ በሉ። አባቴ ግን ለቀናት አላናገሩኝም። ሲያናግሩኝም የተናገሩት ስለ ሕመሙ አልነበረም። «በሰው ፊት» ነው ያሉት። በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ ካያችሁት እውነት አላቸው። የገዛ ልጃቸው በስካውቱና በባለበቅሎዎቹ ፊት አዘዘቻቸው። በእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩን ለመጨረስ የንስሐ አባታችንን ጠራን። ሳቅ ያሰኛችሁ ይሆናል። ግን ቤተሰብ ውስጥ ውል የሚባል ነገር የሚጸናው ሁሉም የሚያፍረው ሰው ሲመሰክር ነው። አባ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁኝ፤ «ተራራው ላይ አንቺ ታዥ፣ እሺ። ስትወርጅስ?» «ስወርድማ ቡናውን አፈላለሁ» አልኩ። አባቴ ሳቁ። ያን ቀን አንድ ወረቀት ተጻፈ፤ አሁንም ሳሎን ግድግዳው ላይ አለ። ጎንደር ላይ የአያ ቃል ነው። ጭነቱ እስኪነሳ ድረስ የአባቴ ቃል ነው። ድስቱ ዘንድ ያክስቴ ልጅ ነው። ከፓርኩ በር ወዲያ፣ መሄድና መመለስን በተመለከተ፣ የጋይዱ ቃል የመጨረሻ ነው። ጋይዱ ልጅም ይሁን፣ ሴትም ይሁን፣ እንግዳው ዘመድም ይሁን። አያም ጎንደር ቁጭ ብሎ በስልክ «ችግር የለም፣ ታወጣዎታለች» ብሎ ቃል መግባት አይችልም። ኔትወርኩም በብዙ ቦታ አይሠራም፣ እግዜር ይስጠው።

አባቴ የበላይ የሆኑበትን ቦታ ላሳያችሁ፤ የሚያምር ነገር ስለሆነ ነው። ጠዋት በቅሎዎቹ ሲመጡ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታው ሳያልቅ እጃቸው ጀርባው ላይ ነው። ግላሱን ያነሳሉ። መዳፋቸውን ከትከሻው እስከ ወገቡ በዝግታ ያንሸራትታሉ። በቅሎው ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ እዚያው ይቆማሉ። ገጣባ ካለበት አይጫንም፤ የባለቤቱ ተራ ቢሆንም አይጫንም። ከዚያ የግራና የቀኙን ጭነት በሁለት እጃቸው አንስተው ይመዝናሉ። ሚዛን አይጠቀሙም። ድንኳኑን ወዲህ፣ ድስቱን ወዲያ እያሉ ያስተካክላሉ። የእኔ ዲፕሎማ ይህን አያውቅም። ጭነቱ ያዘነበለ በቅሎ ከጨነቅ ወደ መሸሃ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ገደሉን አንዴ ማየት ይበቃል።

ተራ ብያለሁ። የበቅሎ ሥራ በተራ ነው። እኛ የራሳችን በቅሎ አለን ብለን የሌላውን ተራ አንበላም። ዘመዶቻችን በዚህ ይቀየሙናል። «የናንተ በቅሎ ሣር እየጋጠ ለምን ለባዳ ትከፍላላችሁ?» ይላሉ። መንገዱ ግን በሰው እርሻና በሰው ደጅ ነው የሚያልፈው። ጉም ወርዶ መንገድ ሲጠፋ፣ እንግዳ እግሩ ሲዞር፣ ደርሶ የሚያነሳው ያ ተራው የተበላበት ሰው ነው። ስካውቱም፣ ባለበቅሎውም፣ ዕንቁላል የምትሸጠው ልጅም ከእንግዳው አንድ ነገር ማግኘት አለባቸው። ስሙ የቤተሰብ ሥራ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ብቻውን የሚበላው እንጀራ አይደለም።

ወደ ገንዘብ ልሂድ። እዚህ ላይ ሴቶች በደንብ ስሙኝ።

ብዙ የቤተሰብ ሥራ ዋጋው የሚረክሰው እናት በነጻ ስለምትሠራ ነው። አያ ለእንግዳ ዋጋ ሲያወጣ የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት፣ በቅሎ፣ ነዳጅ፣ ሁሉንም ይደምራል። እናቴ ሌሊት ተነስታ የጋገረችው፣ በሶ የቆላችው፣ ድርቆሽ ያደረቀችው፣ ሽሮ ያስፈጨችው የት አለ? የለም። ያን ትታችሁ ያወጣችሁት ዋጋ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። ጎረቤታችሁ ያለው፣ እናት የሌለችው ጋይድ ደግሞ በዚያ ዋጋ ይከስራል። ደመወዝ እንክፈልሽ ስንላት እናቴ ተቆጣች። «እኔን? ልጆቼን ስላበላሁ?» አለች። አሁን እቁብ ገብታለች። ክፍያ አንድ ቀን ከዘገየ መጀመሪያ የምትጮኸው እሷ ናት።

ደግሞም ሥራዋ ቀልድ አይደለም። ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 88 ዲግሪ ላይ ነው። ባቄላ ጥደህ ብትጠብቅ ጋዙ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። እንጨት ደግሞ አናነድም፤ አስታውን፣ የደጋውን ዛፍ፣ ቆርጠን ካነደድን እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል? ስለዚህ መብሰል ያለበት ሁሉ ደባርቅ ላይ በስሎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ነው የሚወጣው። ካምፕ ላይ የቀረው ማሞቅና ማማሰል ነው።

ጾም የሚባል ነገርም አለ፤ የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ። ጥሩው የእግር ጉዞ ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ሑዳዴ እዚያው መሐል ይገባል። ስካውቱና ባለበቅሎው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሽቅብ ይወጣሉ። እንግዳው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ዕንቁላል ይበላል። እኛ በጾም ረጅሙን መንገድ በጣም በማለዳ እንጀምራለን፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ካምፕ ገብተን እንዲያርፉ። የጾም ድስቱ ለብቻው ነው፤ ማንኪያውም ለብቻው ነው። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው በ4,000 ሜትር ላይ እግሩን ይስታል። ማታ ላይ ብርዱን በአረቄ ላባርር የሚለውንም እንከለክላለን። አረቄ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያወጣል፤ እንቅልፍና ትንፋሽም ያበላሻል። ኮረፌ ከፈለጋችሁ ስትመለሱ፣ ደባርቅ ላይ።

ስለ ክፉው ጊዜ ሳልናገር ብወርድ ውሸታም እሆናለሁ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ፤ እንግዳ ቆመ። ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ ተነሳ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን ደግሞ ሁላችሁም እየኖራችሁት ነው። በእነዚህ ዓመታት የገባኝ አንድ ነገር አለ። የቤተሰብ ሥራ ኪራይና ደመወዝ ስለማያስጨንቀው ቶሎ አይዘጋም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን እንግዳ ሲቆም ከአባት እስከ ልጅ የሁሉም ኪስ በአንድ ቀን ነው የሚደርቀው። መካከለኛዋ እህቴ ነርስ ናት። ያኔ «ከቤቱ ሥራ ሸሸች» ተብላ ታምታ ነበር። ቤቱን ያቆመው ደመወዟ ነው። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ከልጆቻችሁ ቢያንስ አንዱ ከቱሪዝም ውጪ ይሁን። በግድ ካስፈለገ በግድ።

ተራራው ራሱም ክፉ ጊዜ አይቷል። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ላሊበላም ያኔ ነው የተመዘገበው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ዋልያው እየተመናመነ፣ ግጦሹና እርሻው እየገፋ፣ መንገድ በመሐሉ እያለፈ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እኛ ዛሬ «ጸጥ ያለ ምድረ በዳ» ብለን ለእንግዳ የምንሸጠው ሜዳ የሰው ደጅ ነበር። ስለዚህ እንግዳ ይዤ በግጭ ሳልፍ ይህን እነግራለሁ። ጅብራውንና ጭላዳውን ብቻ አሳይቼ አልመለስም። አያ «ስሜት ያበላሻል» ይላል፤ በዚህ ላይ አልተስማማንም።

ሌላም ያልተስማማንበት አለ፤ በእሱ ልጨርስ። የንግድ ፈቃዱ አሁንም በአባቴ ስም ነው። አባቴ አርጅተዋል። ጉልበታቸውም ደክሟል፤ ቁልቁለቱን በበቅሎ ነው የሚወርዱት፣ ማንም እንዳያያቸው ቀድመው ይነሳሉ። አያ «ታላቅ ስለሆንኩ በእኔ ስም ይዙር» ይላል። እኔ ማኅበር እንመሥርት፣ ለእናቴም ለአክስቴ ልጅም ድርሻ ይጻፍላቸው እላለሁ። እናቴ «አባታችሁ በሕይወት እያሉ ውርስ ታወራላችሁ?» ብላ ትነሳለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። በይሉኝታ ለብዙ ጊዜ ዘለልነው። አሁን ግን አባቴ ራሳቸው ቀጠሮ ሰጥተዋል። ከፋሲካ በኋላ፣ አባ ባሉበት፣ እንቀመጣለን።

ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል። ስለ ዋጋ ከሆነ አያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሱን ጠይቁት።